ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት፦ በጥቁሩ መስኮት የሚፈቱ የየቀኑ የኮምፒውተር ችግሮች

ሰኔ ሲገባ ጅማ ላይ ሁለት ነገር ይበዛል። ዝናብ፣ እና ፍላሽ ይዞ የሚሮጥ ተማሪ። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢም ከዋናው ግቢም የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም የመጣ ልጅ ፍላሹን ይሰካል፣ ይከፍታል፣ ከፋይሎቹ ይልቅ ቀስት የተለጠፈባቸው ሾርትካቶች ብቻ ያያል። ላብ በላብ ይሆናል። አጠገቡ የቆመው ሰው ደግሞ «ቫይረስ በልቶታል፣ ፎርማት አድርገው» ይለዋል።

እባካችሁ አታድርጉት።

እኔ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ተማሪ እንዲህ የሆነ ፍላሽ ይዛ መጣች። እኔ ጋ ከመድረሷ በፊት ግን ሌላ ቦታ ፎርማት ተደርጎባታል። ቡና አምራች ቤት ለቤት እየዞረች ያስሞላችው መጠይቅ በሙሉ እዚያ ላይ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ታግዬ ያወጣሁላት ከግማሽ በታች ነው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ፣ ፋይሎቹ ፎርማት እስከተደረጉበት ደቂቃ ድረስ ፍላሹ ላይ ደህና ሆነው መቀመጣቸው ነው። ተደብቀው ነበር እንጂ አልጠፉም። አንድ መስመር ትእዛዝ ያወጣቸው ነበር።

ስለዚህ ደንበኞቼ ደጋግመው የሚያመጡልኝን ችግሮች ከነመፍትሔያቸው ልጻፍላችሁ። ሁሉም ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ይሠራል። ከአንድ ቦታ በቀር ምንም ፕሮግራም ማውረድ አያስፈልግም፣ ሌላው ሁሉ ኮምፒውተራችሁ ውስጥ አለ።

ትእዛዞቹን እንዴት ታነባላችሁ?

አጋሮ ወይም ሊሙ ያለ ደንበኛ ሲደውልልኝ ፊደል በፊደል እያስጻፍኩ ነው የምረዳው። እዚህም እንደዚያው አድርጌያለሁ። ትእዛዙ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ እኔ የፊደሉን ስም እጠራለሁ፣ እናንተ ፊደሉን ትመታላችሁ። «ኤ» ስል የመጀመሪያዋ ፊደል ናት፣ «ኢ» አምስተኛዋ፣ «አይ» ዘጠነኛዋ። እነዚህን ሦስቱን አታምታቱ፣ ስልክ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ትልቅ ፊደል ሆነ ትንሽ ለውጥ የለውም።

ፊደሎቹን ሳትለያዩ አያይዛችሁ ጻፉ። ክፍት ቦታ የምትተዉት «ስፔስ» ያልኩበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። «ሰረዝ» የመቀነስ ምልክቷ ናት። «ስላሽ» ጥያቄ ምልክት ያለበት ቁልፍ ላይ ያለችው ናት፣ «ባክስላሽ» ደግሞ ወደ ግራ ያዘነበለችው፣ ብዙ ጊዜ ከኢንተር በላይ ትገኛለች። «ኮከብ» ሺፍት ይዛችሁ 8 ስትመቱ የምትመጣው ናት። «ኮለን» ከኤል ፊደል በስተቀኝ አጠገቧ ያለው ቁልፍ ላይ ሺፍት ተይዞ የሚመጣው፣ አንዱ ባንዱ ላይ የቆመው ሁለት ነጥብ ነው። እና ፓወር ግዕዝ ወይም ሌላ የአማርኛ መጻፊያ ከፍታችሁ ከሆነ መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት።

ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁሩን መስኮት ለመክፈት የዊንዶውስ ቁልፍና አር ፊደልን አንድ ላይ ተጫኑ፣ ትንሽ ሳጥን ይመጣል፣ እዚያ ላይ «ሲ ኤም ዲ» ብላችሁ ኢንተር በሉ። ይህን ተራው መስኮት እለዋለሁ። አንዳንድ ትእዛዝ ግን ሙሉ ሥልጣን ይፈልጋል። ለዚያ የዊንዶውስን ቁልፍ ብቻ ተጫኑ፣ «ሲ ኤም ዲ» ጻፉ፣ ከዚያ ኮንትሮልና ሺፍትን ይዛችሁ ኢንተር በሉ። ፈቃድ ሲጠይቃችሁ የስ በሉት። ከላይ ጠርዙ ላይ አድሚኒስትሬተር የሚል ጽሑፍ ካለ ገብታችኋል። ይኸኛውን የአድሚን መስኮት እለዋለሁ። ተራው የሚበቃበት ቦታ ላይ አድሚኑን አትክፈቱ፤ ብትሳሳቱ ጉዳቱ የሚያንሰው ተራው ላይ ነው።

ፍላሹ ሾርትካት ብቻ ሲያሳይ

መጀመሪያ የሆነውን ነገር ልንገራችሁ፣ ሲገባችሁ ፍርሃቱ ይቀላል። ይህ ቫይረስ ፋይል አይበላም። እውነተኛ ፎልደሮቻችሁን «የተደበቀ» እና «የሲስተም» የሚል ምልክት ይለጥፍባቸዋል፣ ዊንዶውስም እንዲህ ዓይነቱን አያሳይም። በቦታቸው ያው ስም ያላቸው ሾርትካቶች ያስቀምጣል። እናንተ ሾርትካቱን ስትጫኑ መጀመሪያ ቫይረሱ ይነሳል፣ ቀጥሎ ፎልደራችሁ ይከፈታል። ስለሚከፈት አትጠረጥሩም። አንዳንዱ ደግሞ ሁሉንም ነገር ስም የሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ጠቅልሎ ይደብቃል።

ስለዚህ አንድም ሾርትካት አትጫኑ። ፍላሹን ሰክታችሁ ዊንዶውስ የሰጠውን ፊደል ብቻ እዩ። እኔ እዚህ ኤፍ ነው ብዬ እሄዳለሁ፤ የናንተ ኢ ወይም ጂ ከሆነ በኤፍ ፋንታ እሱን አስገቡ።

ተራውን መስኮት ክፈቱ። ኮምፒውተሩ ላይ ቫይረሱ እየሠራ ከሆነ ስታጸዱ እሱ እኩል ይመልሰዋልና መጀመሪያ አስቁሙት።

«ቲ ኤ ኤስ ኬ ኬ አይ ኤል ኤል ስፔስ ስላሽ ኤፍ ስፔስ ስላሽ አይ ኤም ስፔስ ደብሊው ኤስ ሲ አር አይ ፒ ቲ ነጥብ ኢ ኤክስ ኢ»

ይህ እንዲህ ዓይነት ቫይረሶች አብዛኛውን ጊዜ የሚነዱበትን ስክሪፕት አስኪያጅ ይዘጋዋል። አላገኘሁትም የሚል መልስ ከመጣ እየሠራ አልነበረም ማለት ነው፣ ቀጥሉ። አሁን ወደ ፍላሹ እንግባ።

«ኤፍ ኮለን»

ኢንተር ስትሉ የመስመሩ መጀመሪያ ወደ ኤፍ ይቀየራል። ካልተቀየረ አትቀጥሉ። ቀጥሎ የተደበቀውን ሁሉ ዘርዝር በሉት።

«ዲ አይ አር ስፔስ ስላሽ ኤ»

እዚህ ላይ ነው ሰው ትንፋሹ የሚመለሰው። ጠፋ የተባለው ፎልደር ከነስሙ ተዘርዝሮ ይታያል። ምንም ሳታደርጉ ይህን ብቻ ላለቀሰ ተማሪ አሳዩት፣ ከዚያ ረጋ ብሎ ይቀመጣል። አሁን ድብቁን ምልክት ማንሳት ነው።

«ኤ ቲ ቲ አር አይ ቢ ስፔስ ሰረዝ ኤች ስፔስ ሰረዝ አር ስፔስ ሰረዝ ኤስ ስፔስ ስላሽ ኤስ ስፔስ ስላሽ ዲ ስፔስ ኮከብ ነጥብ ኮከብ»

ረጅም ነው፣ ግን ትርጉሙን ከያዛችሁት አይጠፋባችሁም። ሰረዝ ማለት አንሳ ነው። ኤች የተደበቀ የሚለውን፣ አር አይነካም የሚለውን፣ ኤስ የሲስተም የሚለውን ምልክት ነው። ከስላሽ ጋር ያለችው ኤስ ሌላ ናት፣ በውስጥ ወዳሉት ፎልደሮች ሁሉ ግባ ትላለች። ስላሽ ዲ ፎልደሮቹንም ራሳቸውን ጨምር። ኮከብ ነጥብ ኮከብ ማንኛውም ስም ያለው። ፍላሹ ብዙ ፋይል ካለው ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል፣ መስኮቱም ዝም ብሎ ብልጭ ድርግም ይላል። ተሰቅሏል ብላችሁ ፍላሹን እንዳትነቅሉት። መሀል ላይ አክሰስ ዲናይድ የሚል መስመር ብታዩም አትደንግጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ የዊንዶውስ የራሱ ፎልደር ነው።

ሲጨርስ ፍላሹን ተመልከቱ። ፎልደሮቻችሁ መጥተዋል። ስም የሌለው ፎልደር ካለም ክፈቱት፣ ንብረታችሁ እዚያ ውስጥ ይሆናል። የቀሩትን ሾርትካቶች እናጥፋ። መስመሩ በኤፍ መጀመሩን ደግማችሁ እዩ፤ ሌላ ቦታ ላይ ሆናችሁ ብትጽፉት የማትፈልጉትን ያጠፋል።

«ዲ ኢ ኤል ስፔስ ኮከብ ነጥብ ኤል ኤን ኬ»

ከዚያ በ«ቪ ቢ ኤስ» ወይም በ«ጄ ኤስ» የሚያልቅ የማታውቁት ፋይል ፍላሹ መግቢያ ላይ ካለ ቫይረሱ ራሱ እሱ መሆኑ አይቀርም፣ አጥፉት። ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማሩ ግን ተጠንቀቁ፣ ራሳችሁ የጻፋችሁት ኮድም በጄ ኤስ ሊያልቅ ይችላል።

ሥራው ግን አላለቀም። ቫይረሱ ኮምፒውተሩ ላይ ካለ ፍላሽ ማጽዳት ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። ዊንዶውስ ሴኩሪቲ የሚለውን ክፈቱ፣ ከስካን አማራጮቹ ውስጥ ኦፍላይን ስካን የሚለውን ምረጡ። ኮምፒውተሩ ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውስ ሳይነሳ ይፈትሻል፣ ሩብ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የተከፈተ ሥራችሁን ቀድማችሁ ሴቭ አድርጉ። የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ላላችሁ ደግሞ ለምኜ ልንገራችሁ፣ ይህን በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ማታ ስትዘጉ አድርጉት። በቀን ስንት ፍላሽ እንደሚሰካባችሁ ታውቃላችሁ፣ አንድ የተበከለ ኮምፒውተር ግቢውን ሙሉ ይበክላል።

ፍላሹ «ፎርማት ላድርግ?» ብሎ ሲጠይቅ

አይ በሉት። ይህ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ኮፒ እየተደረገ መብራት ሲሄድ ወይም ፍላሹ በድንገት ሲነቀል ነው። የአድሚን መስኮት ክፈቱና ይህን ጻፉ።

«ሲ ኤች ኬ ዲ ኤስ ኬ ስፔስ ኤፍ ኮለን ስፔስ ስላሽ ኤፍ»

የመጨረሻዋ ስላሽ ኤፍ የፍላሹ ፊደል አይደለችም፣ ስህተቱን አስተካክል ማለት ናት። የናንተ ፍላሽ ጂ ቢሆንም እሷ አትቀየርም። ቤት አልባ የሆኑ ቁርጥራጮችን ወደ ፋይል ልቀይር ብሎ ከጠየቃችሁ ዋይ ብላችሁ ኢንተር በሉ። ብዙ ፍላሽ በዚህ ብቻ ይነሳል።

ትእዛዙ «አር ኤ ደብሊው» የሚል ቃል ጠቅሶ አልችልም ካለ ግን እጃችሁን አንሱ። የፍላሹ ማውጫ ተበላሽቷል ማለት ነው። ምንም አትጻፉበት፣ ፎቶሬክ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ማውጣት ይቻላል። ወደ ራሱ ፍላሽ መልሳችሁ እንዳታወጡ፣ ያልወጣውን ይደፈጥጡታል።

ስትጽፉ መብራት ሲሄድ

ዝናቡ ሲከብድ፣ መብረቅ ሲያጓራ፣ መብራቱ እንደሚሄድ እናውቃለን፤ ግን ሠላሳኛው ገጽ ላይ ያለ ሰው ይረሳዋል። ዎርድ በየተወሰነ ደቂቃ የራሱን ቅጂ ያስቀምጣል። ችግሩ ተመልሶ ሲከፈት ሁልጊዜ ቅጂውን አለማሳየቱ ነው። ተራውን መስኮት ክፈቱ። እሱ ሲከፈት ራሱ የናንተ ፎልደር ውስጥ ነው የሚጀምረው፣ ሌላ ቦታ መሄድ አያስፈልግም።

«ዲ አይ አር ስፔስ ስላሽ ኤስ ስፔስ ስላሽ ቢ ስፔስ ስላሽ ኤ ስፔስ ኮከብ ነጥብ ኤ ኤስ ዲ»

በ«ኤ ኤስ ዲ» የሚያልቁ ፋይሎች የዎርድ የአደጋ ቅጂዎች ናቸው። ስማቸው ውስጥ የሰነዳችሁን ስም ካያችሁ ሙሉውን መስመር በማውስ ምረጡት፣ ኮንትሮልና ሲ ተጫኑ። ዎርድ ውስጥ ፋይል፣ ኢንፎ፣ ማኔጅ ዶክዩመንት፣ ከዚያ ሪከቨር አንሴቭድ ዶክዩመንትስ በሉ። የሚመጣው ሳጥን ላይ የፋይል ስም በሚጻፍበት ቦታ ኮንትሮልና ቪ ብላችሁ ክፈቱት። ወዲያው በሌላ ስም ሴቭ አድርጉ።

ዎርድ ይህን ቅጂ የሚያስቀምጠው ካልተነካ በየ10 ደቂቃው ነው። ለኛ ከተማ 10 ደቂቃ በጣም ብዙ ነው። ኦፕሽንስ ውስጥ ሴቭ የሚለው ላይ ገብታችሁ 2 አድርጉት።

ፕሪንተሩ ሲሰለፍ

ሰው ተሰልፏል፣ ፕሪንተሩ በርቷል፣ ወረቀት አለ፣ ግን ምንም አይወጣም። የታዘዘውን ለመሰረዝ ስትሞክሩ እየሰረዝኩ ነው ይላል፣ አይሰርዝም። ብዙ ቤት ፕሪንተሩን አጥፍቶ ማብራት፣ ኬብል መንቀል፣ ከዚያም ድራይቨሩን እንደ አዲስ መጫን ነው የሚያውቀው። ግማሽ ቀን ይሄዳል። ጥፋቱ ግን ፕሪንተሩ ላይ አይደለም። ዊንዶውስ የሚታተመውን ሁሉ መጀመሪያ አንድ ፎልደር ውስጥ ያሰልፈዋል፣ ከሰልፉ ፊት ያለው አንድ የተበላሸ ሥራ ሌላውን ሁሉ ይዞ ይቆማል።

የአድሚን መስኮት ክፈቱና ሰልፍ አስከባሪውን አቁሙት።

«ኤን ኢ ቲ ስፔስ ኤስ ቲ ኦ ፒ ስፔስ ኤስ ፒ ኦ ኦ ኤል ኢ አር»

ቆሟል እስኪል ጠብቁ። የአድሚኑ መስኮት ብዙውን ጊዜ ሲስተም 32 ከሚባለው ፎልደር ነው የሚጀምረው፣ ከዚያ ወደ ሰልፉ ቦታ አጭር መንገድ አለ።

«ሲ ዲ ስፔስ ኤስ ፒ ኦ ኦ ኤል ባክስላሽ ፒ አር አይ ኤን ቲ ኢ አር ኤስ»

የመስመሩ መጨረሻ ፕሪንተርስ የሚለው ቃል መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ በእነዚህ ሁለት ትእዛዞች የተሰለፈውን አጥፉ።

«ዲ ኢ ኤል ስፔስ ኮከብ ነጥብ ኤስ ፒ ኤል»

«ዲ ኢ ኤል ስፔስ ኮከብ ነጥብ ኤስ ኤች ዲ»

እዚህ ላይ ኮከብ ነጥብ ኮከብ በሉ የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አልመክርም። ፎልደር መቀየሩ ሳይሳካ ቀርቶ ሲስተም 32 ውስጥ ሆናችሁ ሁሉንም አጥፋ ብትሉት ዊንዶውሱን ራሱን ልትጎዱት ትችላላችሁ። የሰልፉ ፋይሎች የሚያልቁት በነዚህ ሁለት ዓይነት ነው፣ እነሱን ብቻ ጥሩ። በመጨረሻም አስነሱት።

«ኤን ኢ ቲ ስፔስ ኤስ ቲ ኤ አር ቲ ስፔስ ኤስ ፒ ኦ ኦ ኤል ኢ አር»

ሰልፉ ባዶ ስለሆነ ሁሉንም እንደገና ማዘዝ አለባችሁ። በጠቅላላው ሁለት ደቂቃ ነው። ይህንን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ፕሪንተሩ አጠገብ ለጥፉት።

ኢንተርኔት የለም? ወይስ ቀኑ ነው?

«ኔትወርክ የለም» ከማለታችሁ በፊት የቱ ጋ እንደተቋረጠ ኮምፒውተሩን ጠይቁት። ከቅርብ ወደ ሩቅ መሄድ ነው። ተራው መስኮት ላይ «አይ ፒ ሲ ኦ ኤን ኤፍ አይ ጂ» ብላችሁ ኢንተር በሉ። ዲፎልት ጌትዌይ ከሚለው ፊት ያለው ቁጥር የዋይፋይ ሣጥናችሁ አድራሻ ነው። የኮምፒውተራችሁ አድራሻ በ169.254 ከጀመረ ከሣጥኑ አድራሻ አላገኘም፣ ችግሩ እዚያው ቤት ውስጥ ነው፣ ሣጥኑን አጥፉና አብሩ። አድራሻው ደህና ከሆነ ወደ ውጭ እንሞክር።

«ፒ አይ ኤን ጂ ስፔስ 8.8.8.8»

መልስ ከመጣ ኢንተርኔት አለ። ቀጥላችሁ በቁጥሩ ፋንታ «ጂ ኦ ኦ ጂ ኤል ኢ ነጥብ ሲ ኦ ኤም» ብላችሁ ሞክሩ። ቁጥሩ መልሶ ስሙ እምቢ ካለ ችግሩ ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ክፍል ነው። የአድሚን መስኮት ላይ ይህን አስገቡ።

«አይ ፒ ሲ ኦ ኤን ኤፍ አይ ጂ ስፔስ ስላሽ ኤፍ ኤል ዩ ኤስ ኤች ዲ ኤን ኤስ»

አሁንም እምቢ ካለ «ኤን ኢ ቲ ኤስ ኤች ስፔስ ደብሊው አይ ኤን ኤስ ኦ ሲ ኬ ስፔስ አር ኢ ኤስ ኢ ቲ» በሉና ሪስታርት አድርጉ።

ሁለቱም መልሰው፣ ግን ብራውዘሩ እያንዳንዱን ድረ ገጽ አደገኛ ነው የሚላችሁ ከሆነ ወደ ቀኙ ታችኛው ጥግ ተመልከቱ። ሰዓቱና ቀኑ! እኛ አገር ይህ ችግር ሌላ ቦታ የሌለ ምክንያት አለው። ሰው ኮምፒውተሩን በኛ አቆጣጠር ይሞላዋል። በኛ ዓመተ ምሕረት ስትሞሉት ኮምፒውተሩ ከ7 ወይም ከ8 ዓመት በፊት ያለ ይመስለዋል። ድረ ገጾች ደግሞ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚል መታወቂያ አላቸው፣ ኮምፒውተሩ ያንን ሲያይ «ገና ያልተወለደ መታወቂያ» ሆኖበት ይዘጋዋል። ሰዓቱም እንደዚያው። ጠዋት 3 ሰዓት ለኮምፒውተሩ 9 ነው፤ በኛ ከሞላችሁት በ6 ሰዓት ይሳሳታል፣ በየ30 ሴኮንዱ የሚቀያየረውን የማረጋገጫ ቁጥር ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያወጣላችሁ ከሆነ አይሠራላችሁም። ስለዚህ ለኮምፒውተሩ የፈረንጁን ስጡት፣ የሰዓት ቀጠናውን ደግሞ ናይሮቢ፣ በ3 ሰዓት የሚቀድመውን ምረጡለት። የኛን ቀን ከግድግዳ ካላንደር እናየዋለን።

ለማስተካከል የአድሚን መስኮት ላይ «ዲ ኤ ቲ ኢ» ብላችሁ ኢንተር በሉ። አሁን የያዘውን ቀን አሳይቶ አዲሱን ይጠይቃል፤ በምን ቅደም ተከተል እንደሚፈልግ፣ ወር ይቅደም ቀን፣ እዚያው ያሳያችኋል። ካስገባችሁ በኋላ ሰከንዱን ከኢንተርኔት ያስተካክል።

«ኤን ኢ ቲ ስፔስ ኤስ ቲ ኤ አር ቲ ስፔስ ደብሊው 3 2 ቲ አይ ኤም ኢ»

«ደብሊው 3 2 ቲ ኤም ስፔስ ስላሽ አር ኢ ኤስ ዋይ ኤን ሲ»

የመጀመሪያው ተነስቷል ቢላችሁ ችግር የለውም። ቀኑን በእጅ ሳታስተካክሉ ሁለተኛውን ብቻ ብታዙ ልዩነቱ በጣም ትልቅ ነው ብሎ እምቢ ይላል፣ ለዚህ ነው ያስቀደምነው።

አስተካክላችሁት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀኑ ተመልሶ ከተበላሸ፣ ዴስክቶፑ ውስጥ ያለችው ክብ ባትሪ ሞታለች። ስሟ ሲ አር 2032 ነው፣ 3 ቮልት ናት። ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፣ የድሮዋ በየት በኩል እንደተቀመጠች አይታችሁ አዲሷን አስገቡ። ስንት ሰው በዚች ትንሽ ባትሪ ምክንያት ዊንዶውስ አስቀይሯል!

ዊንዶውሱ ራሱ ሲታመም

ስታርት ሜኑ አይከፈትም፣ ፕሮግራም ራሱን ይዘጋል፣ መብራት ደጋግሞ ከሄደ በኋላ ኮምፒውተሩ ግራ ይጋባል። ዊንዶውስ ከመቀየር በፊት ሁለት ትእዛዝ በአድሚን መስኮት ስጡት፣ በዚህ ቅደም ተከተል።

«ዲ አይ ኤስ ኤም ስፔስ ስላሽ ኦ ኤን ኤል አይ ኤን ኢ ስፔስ ስላሽ ሲ ኤል ኢ ኤ ኤን ዩ ፒ ሰረዝ አይ ኤም ኤ ጂ ኢ ስፔስ ስላሽ አር ኢ ኤስ ቲ ኦ አር ኢ ኤች ኢ ኤ ኤል ቲ ኤች»

«ኤስ ኤፍ ሲ ስፔስ ስላሽ ኤስ ሲ ኤ ኤን ኤን ኦ ደብሊው»

የመጀመሪያው የመለዋወጫ መጋዘኑን ያድሳል፣ ሁለተኛው ከመጋዘኑ እያወጣ የተበላሸውን ይተካል። መጋዘኑ ተበላሽቶ ከሆነ ሁለተኛውን ማስቀደም አያዋጣም። የመጀመሪያው የጎደለውን ከኢንተርኔት ስለሚያመጣ ዳታ ይወስዳል፣ የሞባይል ፓኬጅ ላይ ሆናችሁ አታስጀምሩት። አንድ ቁጥር ላይ ቆሞ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። ላፕቶፑን ቻርጅ ላይ አድርጋችሁ ቡና አፍሉ።

ፎርማት የግድ ሲሆን

አንዳንዴ ሌላ መንገድ ያጣል። ያን ጊዜም ቀድሞ መገልበጥ ነው። ፍላሹ ወይም ሃርድ ዲስኩ እየደከመ ከሆነ በማውስ ኮፒ ስታደርጉ አንድ ፋይል ላይ ይሰቀልና ሌላውንም ይተዋል። ይህ ግን ያልቻለውን ዘሎ ይቀጥላል።

«አር ኦ ቢ ኦ ሲ ኦ ፒ ዋይ ስፔስ ኤፍ ኮለን ባክስላሽ ስፔስ ሲ ኮለን ባክስላሽ ኬ ኦ ፒ አይ ስፔስ ስላሽ ኢ ስፔስ ስላሽ አር ኮለን 1 ስፔስ ስላሽ ደብሊው ኮለን 1»

ሲ ላይ ኮፒ የሚባል ፎልደር ፈጥሮ ሁሉንም እዚያ ያስቀምጣል። መጨረሻ ላይ ያሉትን ሁለት አንዶች በፍጹም እንዳትተዉ። ካልነገራችሁት አንድን እምቢ ያለ ፋይል እየተወ እየመጣ 1 ሚሊዮን ጊዜ ይሞክራል፣ በየመሀሉም 30 ሰከንድ ይጠብቃል። እኛ አንድ ጊዜ ሞክር፣ አንድ ሰከንድ ጠብቅ፣ እለፍ አልነው።

ሲጨርስ ሰንጠረዥ ያወጣል። ፌይልድ የሚለው ሥር ያለው ቁጥር ያልተገለበጠው ነው። ፎልደሩ ሲ ላይ ካልታያችሁ አልጠፋም፣ ከፍላሹ የድብቅነቱን ምልክት ወርሶ ይሆናል።

«ኤ ቲ ቲ አር አይ ቢ ስፔስ ሰረዝ ኤች ስፔስ ሰረዝ ኤስ ስፔስ ሲ ኮለን ባክስላሽ ኬ ኦ ፒ አይ»

ከዚያ ከተገለበጡት ውስጥ ሦስት አራት ፋይል ክፈቱ። ስማቸውን ማየት አይበቃም፣ ከፍታችሁ የመጨረሻ ገጻቸው ድረስ ውረዱ። ባለቤቱም አጠገባችሁ ሆኖ ይይ፣ የትኛው ፋይል ዋናው እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው። ሁሉም ደህና ከሆነ ብቻ በአድሚን መስኮት ይህን ጻፉ።

«ኤፍ ኦ አር ኤም ኤ ቲ ስፔስ ኤፍ ኮለን ስፔስ ስላሽ ኪው ስፔስ ስላሽ ኤፍ ኤስ ኮለን ኢ ኤክስ ኤፍ ኤ ቲ»

ኢንተር ከማለታችሁ በፊት የፍላሹን ፊደል ደግማችሁ እዩ። ፍላሹን ቴሌቪዥን ወይም የቆየ የፎቶ ኮፒ ማሽን ላይ የምትሰኩት ከሆነ በመጨረሻው ቃል ፋንታ «ኤፍ ኤ ቲ 3 2» በሉት፣ የቆዩ ማሽኖች ብዙዎቹ የሚያነቡት እሱን ነው፤ እሱ ላይ ግን ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይገባም።